የባሕር ማዶ ወይንና የቤቴ ቃል

በቃና ሰርግ ቤት ውኃውን ወደ ወይን የለወጠ፣ ለሰው ልጅ ምላስን ለማጣጣምም ለማመስገንም የሰጠ አምላክ ስሙ የተባረከ ይሁን። በቸርነቱ ለዚህ ዕድሜ ደርሼ፣ በጎልማሳነቴ ጎባ ሳለሁ ስለ ቀረብሁባቸው ጥቂት የእራት ገበታዎች እጽፋለሁ። በገበታው ላይ የነበረው የባሕር ማዶ ወይን ነው፤ በልቤ የነበረው ግን ቅናት ነው።

በዚያን ዘመን ጎባ የባሌ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ነበረች። እኔ በቤተ ክርስቲያን መሪጌታ ሆኜ ዜማ፣ በተማሪ ቤት ደግሞ ግብረ ገብ አስተምር ነበር። ባለቤቴ ሮቤ ተወልዳ ያደገች ናትና አማርኛና ኦሮምኛ በአንደበቷ እንደ እኅትማማች ይኖሩ ነበር። በቤታችን ጠጅ የምጥለው እኔ ነበርሁ፤ ከሐረና ጫካ የሚመጣውን ማር መርጬ፣ ጌሾውን መጥኜ። ሲደርስ ግን ያለ እርሷ ምላስ ጋኑ አይከፈትም። በብርሌ ቀድቼ «ቅመሽልኝ» እላታለሁ። ዓይኗን ጨፍና ታጣጥመዋለች። ካልጣማት «ጌሾው በዝቷል» ትላለች፤ ከጣማት ደግሞ አንዲት የኦሮምኛ ቃል ብቻ ታመልጣታለች፦ «ጋሪ!» መልካም ነው ማለቷ ነው።

ከኦሮምኛ ተናጋሪ ጎረቤቶቿ ጋር ስታወጋ ይህች ቃል የሁሉ ነበረች። በአማርኛ ጨዋታ መካከል ሳታስበው ስታመልጣት የሰማሁት ግን ለእኔ ጠጅ ብቻ ነው። ሰው ቤት ተጋብዛ የቀመሰችውን ሁሉ «ግሩም ነው» ትላለች። ግሩም የይሉኝታዋ ቃል ናት፤ ጋሪ የቤቴ።

እንዲህ ሳለን ለመንገድ ሥራ አንድ መሐንዲስ ከአዲስ አበባ ተላከ። በአውሮፓ የተማረ፣ ገና ያላገባ፣ ጫማው በጎባ ጭቃ እንኳ የሚያብለጨልጭ ሰው ነበር። ከዕቃው ጋር የፈረንሳይ፣ የጣልያንና የጀርመን ወይን በሣጥን ወረደ። ቤቱ ከከተማው ወዲያኛው ዳር ነው። ባለቤቴ ወጡን ሠርታ እሑድ ማታ ይዘንለት እንድንሄድ፣ እርሱም ለወጡ የሚስማማውን ወይን እንዲከፍት ተዋዋልን። ተዋዋልን እላለሁ እንጂ የተዋዋሉት ሁለቱ ናቸው።

የመጀመሪያው እሑድ ዶሮ ወጥ ቀረበ። መሐንዲሱ የፈረንሳዩን ቀይ ቀምሶ ፊቱን ቋጠረ። «ይህስ ከበርበሬው ጋር ይጣላል» ብሎ ለስለስ ያለና ጥቂት የሚጣፍጥ የጀርመን ነጭ ከፈተ። በብርጭቆ ግርጌ ጥቂት ጠብ አድርጎም ለባለቤቴ ዘረጋላት።

«እስቲ ይቅመሱልኝ፣ እመቤቴ።»

ከዚያች ቀን በፊት ይህን ቃል የምላት እኔ ነበርሁ። «በእኛ አገር መጠጥ ቀድሞ የሚቀምሰው አሳላፊ ነው» አልሁ፤ ድምፄ ከአሰብሁት በላይ ሻከረ።

መሐንዲሱ ሳቀ። «የኔታ፣ በዚያ አገር ደግሞ ቀድሞ የሚቀምሰው የተከበረው ነው።»

«እንግዲያውስ ልከበራ!» ብላ ባለቤቴ ቀመሰችው። «ግሩም ነው» አለች።

ግሩም በመሆኑ ተነፈስሁ።

መሐንዲሱ ብርጭቆውን ወደ እኔ አዞረ። «ያሽትቱት እስቲ፣ የኔታ። የታጨደ ሣር አይሸትዎትም?»

«ለሣርማ በሬ መጋበዝ ነበረብዎ።»

«አንቱ ሰው» አለችኝ ባለቤቴ፣ «በሬ እንኳ የሰጡትን ዝም ብሎ ይበላል።»

ሁለቱ አብረው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ዘግይቼ።

በየእሑዱ እንዲህ ቀጠለ። ለምስር ወጡ አንዱን፣ ለአይብና ለጎመኑ ሌላውን ይከፍታል። ክፋቱ፣ ሰውየው አይሳሳትም ነበር። ወይኑ መጥፎ ቢሆን ኖሮ በወደድሁት። ወደ ቤት ስንመለስ «እግዜር እንዴት ያለ ምላስ ሰጥቶታል!» ትለኛለች፤ እኔም በልቤ ዳዊት እደግማለሁ፣ ልቤ ግን ከዳዊቱ ጋር አልነበረም። አንድ መጽናኛ ብቻ ቀረኝ፦ ያ ሁሉ ጠርሙስ ሲከፈት ቃሏ ከግሩም አላለፈም።

አንድ እሑድ ከሮቤ ገበያ የመጣ በግ ያለ በርበሬ፣ በነጭ ሽንኩርትና በጥብስ ቅጠል ጠብሳ ይዘን ሄድን። መሐንዲሱ ለብዙ ዓመት የተቀመጠ ነው ያለውን የጣልያን ቀይ ከፈተ። ትኩሱን ሥጋ አጎረሳት፤ ቀጥሎም ወይኑን አቀረበላት። ዓይኗን ጨፈነች። በዚያ ቤት ዓይኗን ስትጨፍን ያን ጊዜ ገና ማየቴ ነው።

«ጋሪ!» አለች።

የያዝሁትን ጉርሻ ወደ ገበታው መለስሁ። መሐንዲሱ ግን ደንግጦ ተነሣ። የአዲስ አበባ ሰው ነውና ጋሪ ሲባል የሚያውቀው ፈረስ የሚጎትተውን ብቻ ነበር።

«ምነው እመቤቴ! ገና ሳንበላ ጋሪ? አመመዎት እንዴ?»

ባለቤቴ ሳቋ መጣ። ልታስረዳው አፏን ስትከፍት ዓይኗ እኔ ላይ ዐረፈ። ፊቴ ምን ይመስል እንደነበር አላውቅም፤ እርሷ ግን አነበበችው። ብርጭቆውን በቀስታ አስቀመጠች።

«አዎን፣ ጋሪ» አለች። «መሪጌታን ብርድ መታቸው መሰለኝ፤ ቢያስጠሩልን።»

በጉን ለመሐንዲሱ ትተን ወጣን። ጋሪው ላይ ተቀምጠን፣ ጉሙ ከተራራው እየወረደ ወደ ቤት ሄድን።

«እውነት ጋሪ ነበር?» አልኋት በመጨረሻ።

«ነበር። ምላሴን ምን ላድርጋት፣ ልቁረጣት?»

«ከእኔ ጠጅ ይበልጣል?»

«አንቱ ሰው! ቃሉን እንዳልተረጉምለት ብዬ ትኩስ ጥብስ ጥዬ በብርድ ተቀምጫለሁ፤ ደግሞ ይህን ይጠይቁኛል?»

ኦሮምኛም አማርኛም የሚያውቀው ባለጋሪ ጀርባውን እንደ ሰጠን በሳቅ ተንቀጠቀጠ። ቃሉን ስለ እኔ ብላ እንደ ሰወረችው ገባኝ፤ «ነበር» ስትል ግን ጥቂት እንኳ አላመነታችም፤ ያም እሾህ ሆኖ ቀረ። ቤት ስንገባ የምሳውን ሽሮ አሙቃ አቀረበችልኝ። ለሽሮ የየትኛው አገር ወይን እንደሚስማማ አልጠየቅኋትም።

አንባቢዬ ሆይ፣ እግዚአብሔር ገበታህን ከበረከት፣ ቤትህን ከሳቅ አያጉድል። ከአንተ ጋር የሚቆርሱትን ሁሉ በፍቅር ያጽናቸው፤ ለትዳርህም ሰላምን፣ ለልጆችህም ዕድሜን ይስጥ። አሜን።