ግራው ወንበር

ዝናብ ሲያባራ የመኪናዬን ሸራ ገልጬ የረጠበ ቆዳና የቤንዚን ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ አሰበ ተፈሪ ያለው የአባቴ ግቢ እንዳለ ይመለስልኛል።

አባቴ የቡና ነጋዴ ነበር፤ ወደ አገሩ ከሚመለስ እንግሊዛዊ መምህር ያቺን ቀይ ኤም ጂ መኪና የገዛ ጊዜ ከተማው ሳቀበት። ጣሪያዋ ሸራ፣ ወንበሯ ሁለት፣ ሆዷ መሬት ሊነካ የደረሰ፤ ቡና አትጭን፣ ዘመድ አትይዝ። «መኪና ናት ወይስ ገንዳ?» ይሉት ነበር። እሱም «ገንዳ ከሆነች ውሃ ሙሏት!» ብሎ ሞተሩን ያስነሳ ነበር። በጋ በጋ እኔን እናቴ ታቅፋኝ፣ አቧራውን እየዋጥን፣ ነፋሱ ሻሿን እየነጠቃት ወደ ቦርደዴ ቁልቁል እንወርድ ነበር። ደስ ይለን ነበር፤ ለዚህ ደግሞ ይቅርታ የምንጠይቀው ሰው አልነበረም።

ከዚያ አገሩ በግራ መንዳቱን ትቶ በቀኝ እንዲነዳ የታወጀበት ክረምት መጣ። የእኛ መኪና መሪ በስተቀኝ ስለነበር፣ አባቴ ከጭነት መኪና ኋላ ሲሆን ከፊት የሚመጣውን ማየት አቃተው። ከግራ የምትቀመጠው እናቴ ግን ታይ ነበር፤ አንገቷን አስግጋ መንገዱን ቃኝታ «ቆይ!» ወይም «እለፍ!» ትለዋለች። ቤት ውስጥ ባሏን አንቱ የምትል ሴት ናት፤ መኪናዋ ውስጥ ግን ለአክብሮት ጊዜ አልነበረም። ይህን የሰማው የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ በየነ «ሚስቱ የምታዘው ሹፌር ሆነ፤ ቤታችንን አዋረደ» ብሎ፣ መኪናዋ እንድትሸጥ መስቀል ባለፈ ማግስት ሽማግሌ ሰበሰበ።

ሽማግሌዎቹ ግቢያችን በርጩማ ላይ ተደርድረው ሲቀመጡ፣ እኔ መኪናዋን ሊወስዷት የመጡ መስሎኝ በሯን ይዤ አለቅስ ነበር።  እናቴ ናት ነጠላዋን አጣፍታ ፊታቸው የቆመችው።

«መፍረዳችሁ ካልቀረ፣ እኔ በምቀመጥበት ተቀምጣችሁ ፍረዱ» አለች።

ሽማግሌ አንድ ላይ ሄዶ አንድ ላይ ነው የሚናገር፤ መኪናዋ ግን አንድ በአንድ ካልሆነ አትወስዳቸውም። ተያዩ። በመጨረሻ ጎረቤታችን ጨርቅ ነጋዴው ሼህ ዩሱፍ፣ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት፣ «ቢስሚላህ» ብለው ከአባቴ አጠገብ ገቡ። ሲመለሱ ጥምጥማቸው ጭናቸው ላይ ነበር፤ ዐይናቸው በነፋሱ እንባ ሞልቶ ይስቃሉ።

«ወላሂ፣ አንድ ትልቅ መኪና ጋረደን፤ አየሁና ‹ዳርቢ! ዳርቢ!› አልኩት፤ አለፈ!» አሉ፤ በኦሮምኛ እለፍ ማለታቸው ነው። «በየነ፣ ይቺ መኪና ሁለት ሰው ትፈልጋለች እንጂ ምንም አልጎደላትም። አትሸጥም። ና፣ አንተም ግባ።»

ጋሽ በየነ ጋቢውን ሰብስቦ ከግቢው ወጣ። ከዚያ በኋላ በመንገድ ስናገኘው አባቴ ፍጥነት ይቀንስና ሰላም ይለዋል፤ እሱ ፊቱን ያዞራል፤ እናቴም «እለፍ» ትላለች።

ዛሬ አባቴም እናቴም የሉም፤ መኪናዋ የእኔ ናት። መንገዱ አስፋልት ሆኗል፣ ባጃጁ እንደ ንብ ይተራመሳል፣ ቡናው ይወጣበት በነበረው መንገድ ጫት የጫነ መኪና ይከንፋል። ዘመዶቼ ሽማግሌ መላኩን ትተው እንድሸጣት በስልክ ይጨቀጭቁኛል። ባለፈው የጋሽ በየነ የልጅ ልጅ ራሱ መጣ።

«አክስቴ፣ መኪናዋ አርጅታለች እኮ፤ እርስዎም አርጅተዋል። ይሽጧት» አለኝ።

ቁልፉን አንስቼ ግራውን በር ከፈትኩለት።

«ግባ» አልኩት። «አያትህ ያልተቀመጠበት ቦታ ነው።»