የወይዘሮ መንጋጋ

ኑዕማን የበረቱን በር ገፋ ሲያደርግ መጀመሪያ ያየው አፏን ነው። ወይዘሮ አታመነዥክም። ሌሎቹ በጎች ተኝተው መንጋጋቸውን ሲያንቀሳቅሱ፣ እሷ ጥግ ይዛ አንገቷን ደፍታ ቆማለች።

ከአዳማ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ የምርምር ግቢ ውስጥ ኑዕማን በግ ቀላቢ ነው። ወይዘሮ ደግሞ ጆሮዋ ሥር ከብረትና ከፕላስቲክ የተሠራ የመንጋጋ መገጣጠሚያ የተገጠመላት በግ ናት። ስሙን ያወጣላት እሱ ነው፤ በውኃ የራሰ ፉርሽካ ካልሆነ የማይቀርብላት ቅምጥል ሌላ ምን ትባል? እሷ በደንብ ካኘከች ሙከራው ወደ ሰው ይሻገራል። ካላኘከች ብረቱ አልሠራም ተብሎ ይዘጋል። ኑዕማንን ይህ ጉዳይ እንቅልፍ ይነሳዋል። ልጁ ሀኒያ ከባጃጅ ወድቃ አገጯን ከተመታች ወዲህ መንጋጋዋ ተጣብቆ ቀርቷል። ጥርሷን ገጥማ ትናገራለች፤ ሾርባዋን በስትሮ ትስባለች። አባቷ ከሥራ ሲገባ የምትጠይቀውም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ዛሬስ አኘከች?"

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ደግሞ ያውቀዋል። ዛሬ በጎቹ የሚመዘኑበት ቀን ነው፤ የከሳች በግ አላኘከችም ይባላል። ታዲያ ትናንት፣ የሰፈሩ ሰው ለአረፋ በግ ሲያደልብ እንደሚያደርገው፣ የሸንኮራ አገዳ ጫፍ ቆራርጦ አጎረሳት። ደህናውን መንጋጋ እንኳ የሚያደክም ነገር ነው። እሷም እንዴት እንደጣማት!

ሙከራውን የሚመራው ዶክተር ያደታ ገባ። "አካም ቡልታን፣ ጋሽ ኑዕማን?" ብሎ እንዴት እንዳደረ በኦሮምኛ ጠየቀውና መልሱን ሳይጠብቅ በጓ አጠገብ ተንበረከከ። አፏን ሊከፍት ሲሞክር ራሷን ነጠቀችው። ፊቱ ጠቆረ።

"ብረቱ እምቢ ብሏል መሰለኝ" አለ። "ትናንት የተለየ ነገር በልታ ነበር?"

አልበላችም ማለት ቀላል ነበር። ሥራውም ይተርፍለታል። ግን ጥፋቱ በብረቱ ይመካኛል፤ ያኔ ደግሞ ለሀኒያ ምንም ተስፋ አይቀርም።

"አገዳ አብልቻታለሁ፣ ዶክተር።"

ዶክተሩ ቀና ብሎ አየው። አልጮኸበትም፤ ቢጮህበት ይሻለው ነበር። በጓን ወደ ራጅ ክፍል ወሰዷት። ኑዕማን ደጅ ቆሞ ዱዓውን ጀምሮ ይረሳዋል፣ እንደገና ይጀምረዋል።

ዶክተሩ ፊልሙን ይዞ ወጣ። "ብረቱ ደህና ነው። አገዳውን ስትታገል የላሉት ብሎኖቹ ናቸው። ባይነግሩኝ ኖሮ ሙከራው ከሸፈ ብዬ እዘጋው ነበር። እሷን እናክማታለን፤ ከሙከራው ግን ወጥታለች። በሌላ በግ ከዜሮ እንጀምራለን። እርስዎም ከነገ ጀምሮ በር ጥበቃ ላይ ነው የሚሠሩት።"

"ስንት ጊዜ ይፈጃል?"

"ዓመት። ምናልባትም ከዚያ በላይ።"

ቤት ሲደርስ ሀኒያ ሾርባዋን ይዛ ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች።

"ዛሬስ አኘከች?"

"አላኘከችም።"

"ብረቱ ነው?"

"ብረቱስ ደህና ነው፣ ልጄ። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።" ሁሉንም ነገራት፤ ዓመቱንም ጭምር።

ሀኒያ ስትሮዋን ሾርባው ውስጥ አዟዟረች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

"እንግዲያው" አለች ጥርሷን እንደገጠመች፣ "ለአዲሷ በግ አገዳ እንዳይሰጧት ንገራቸው።"