ሐኪሟ የቀረችበት እሁድ

እናቴ ካረፈች በኋላ፣ እሁድ እሁድ ከሰዓት በቀጨኔው ቤታችን ከአባቴ ጋር ስለ ጠፈር መንገደኞች የሚተርክ የቤተሰብ ተከታታይ ፊልም እናይ ነበር። አባቴ መንኮራኩሯ ተበላሽታ ሲጠግኗት ዓይኑን አይነቅልም፤ አብራሪውና ሐኪሟ በፍቅር መተያየት ሲጀምሩ ግን ቻናሉን ይቀይራል።

"የሳይንስ ፊልም ነው ያሉን፤ ፍቅር እዚህ ምን ይሠራል?" ይላል።

አንድ እሁድ ሐኪሟ ሩቅ ፕላኔት ላይ ቀረች። አብራሪው የተቀዳ ድምጿን ብቻውን ተቀምጦ ሲሰማ፣ አባቴ እንዳይከፋው ብዬ ሪሞቱን አነሳሁ።

"ተዪው" አለኝ። "እኔም የእናትሽ ድምፅ ቢኖረኝ እንደሱ ነበር የምሆነው።"

ስልኬ ውስጥ እናቴ "ስትመጪ ዳቦ ይዘሽ ነይ" ያለችበት የድምፅ መልእክት ነበረኝ። ሐዘኑን እንዳልቀሰቅስበት ፈርቼ ደብቄው ነበር የኖርኩት። ከፈትኩለት።

ቴሌቪዥኑን አጠፋና ወደ እኔ ተጠጋ።

"እስቲ ድገሚው" አለኝ።