በካርዶቹ ጀርባ የተጻፈው ሰዓት

በ1970 ዓ.ም. በብሥራተ ገብርኤል አካባቢ ስኖር፣ ቀን የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ሹም፣ ከሥራ በኋላ ደግሞ የቀበሌያችን ጸሐፊ ነበርኩ። ለጸሐፊነት የተመረጥኩት በእጅ ጽሕፈቴ ነው። ይህን ነገር እስከ ዛሬ ያልረሳሁት፣ እኔ በጻፍኳት አንዲት ዐረፍተ ነገር የተነሣ አንድ ሽማግሌ ስለታሰሩ ነው።

የካቲት 14 ቀን፣ ቤት ለቤት የመሣሪያ ፍተሻ ሲካሄድ፣ አቶ ገብሬ ዘንድ ደረስን። አቶ ገብሬ ከምድር ባቡር በጡረታ የተገለሉ፣ ዕድሜያቸውን የጣቢያ ሰዓት ሲሞሉና ሲጠግኑ ያሳለፉ፣ ብቸኛ ሰው ነበሩ። መሣሪያ አልተገኘባቸውም። ከአልጋቸው ሥር ግን በብስኩት ቆርቆሮ የተቀመጡ ሠላሳ ሁለት ፖስት ካርዶች ወጡ።

ሁሉም የውጭ አገር የባቡር ጣቢያዎች ፎቶግራፍ ናቸው። አንዱ ጣቢያ እንደ ካቴድራል ጉልላት ደፍቷል፤ ሌላው ቤተ መንግሥት ይመስላል፤ የሌላው ጣሪያ በሙሉ ብረትና መስታወት ነው። በጀርባቸው የላኪም የተቀባይም ስም የለም። በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር ብቻ አለ፦ «4 ከ10»፣ «2 ከ35»፣ «11 ከሩብ»።

ሊቀመንበራችን ገጠር ያደገ፣ በኋላ የፋብሪካ ሠራተኛ የሆነ ሰው ነው። ቁጥሮቹን ሲያይ የድብቅ ስብሰባ ቀጠሮ ሰዓት መሆናቸውን አልተጠራጠረም። ሽማግሌው «በፎቶግራፉ ውስጥ ካሉት የጣቢያ ሰዓቶች ያነበብኩት ነው» አሉ። አመሳከርኩ፤ አንዱም አልገጠመም። ሊያብራሩ ሲሉ ዝም እንዲሉ ታዘዙ። እኔም በቃለ ጉባኤው «ትርጉማቸው ያልታወቀ ቁጥሮች ተገኝተዋል» ብዬ ጻፍኩ። በዚያች ቃል አቶ ገብሬ ታሰሩ።

ከዚያ በኋላ ራሴም እጠረጥራቸው ጀመር። በየቀኑ በእኩለ ቀን ደጃፋቸው ላይ ቆመው መሬት መሬት ሲያዩ ትዝ አለኝ። ማንን ይጠብቁ ነበር? ማንስ ያያቸው ነበር? ጎረቤቶቻቸውን ብጠይቅ ሁሉም ፊቱን አዞረብኝ።

ከታሰሩ ከስድስት ቀን በኋላ በመሥሪያ ቤቴ ለአንድ ፈረንሳዊ መሐንዲስ የቀጠሮ ደብዳቤ እጽፍ ነበር። እንደ ወትሮዬ የእኛን አራት ሰዓት ወደ እነሱ አሥር ሰዓት ስለውጥ እጄ ቆመ። የእጅ ሰዓቴ በአገራችን አቆጣጠር የተሞላ በመሆኑ፣ የጣቢያዎቹንም ሰዓት በዚያው ልማድ አንብቤው ኖሯል። ሽማግሌው ግን የፈረንጁን ሰዓት ወደ እኛ ለውጠው ነበር የጻፉት። ይህን ስሌት በየሳምንቱ የምሠራ ሰው ነበርኩ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ካርዶቹን በሊቀመንበሩ ፊት ዘረጋሁ። አቶ ገብሬም ቀረቡ። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ከቀበሌያችን በላይ ወዳለው ከፍተኛ ጽሕፈት ቤት እንዲተላለፉ ተወስኖ ነበር፤ በዚያ ዘመን ወደ ላይ የተላለፈ ሰው መመለሱ አጠራጣሪ ነበር። ካርዶቹን አንድ በአንድ አመሳከርን፤ ሠላሳ አንዱ ገጠሙ።

አንዲቷ አልገጠመችም። በአንድ የአፍሪካ ወደብ ከተማ ያለ ጣቢያ ነው። ሰዓቱ ሦስትን፣ ማለትም የእኛን ዘጠኝ ያሳያል። በካርዷ ጀርባ የተጻፈው ግን «6» ነው።

«ሠላሳ አንዱ ለማዘናጊያ ነው፤ ሥራው ያለው በዚችኛዋ ነው» አለ ሊቀመንበሩ። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም እንደዚያው አስቤ ነበር።

አቶ ገብሬ ረጋ ብለው «ያ ሰዓት ቆሟል» አሉ።

«እዚህ ተቀምጠው የባሕር ማዶ ሰዓት መቆሙን አወቁ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«የቆመ ሰዓት አይነበብም፣ ልጄ። ከሥሩ የቆሙትን ሰዎች እይ። ጥላቸው የት አለ?»

ሊቀመንበሩ ካርዷን ወደ መስኮቱ ወስዶ ብዙ አያት። ከዚያ ወደ ግቢው ወጣ። ተከተልኩት። ቀትር ሊሆን ጥቂት ቀርቶ ነበር። ፀሐዩ ላይ ቆሞ ከእግሩ ሥር የተሰበሰበችውን የራሱን ጥላ አየ፤ ደግሞ ካርዷን አየ።

«ከብት ስጠብቅ በዚህ ነበር ምሳዬን የምበላው» አለ ቀስ ብሎ። «ስድስት ሰዓት ነው። ጻፍ።»

አቶ ገብሬ በደጃፋቸው ቆመው ያዩት የነበረው ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ዛሬ ጡረተኛ ነኝ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ባገለገልኩበት መሥሪያ ቤት ከእጄ የወጣ ጽሑፍ ለእርማት ተመልሶልኝ አያውቅም፤ በዚህም እኮራለሁ። ማረም የነበረብኝ ያቺን አንዲት ቃል ነበር። «ያልታወቀ» ሳይሆን «እኔ ያላወቅሁት» ብዬ መጻፍ ይገባኝ ነበር።

ውሳኔውንም የጻፍኩት እኔ ነኝ፦ አቶ ገብሬ በነጻ እንዲሰናበቱ፤ ሠላሳ አንዱ ካርዶች እንዲመለሱላቸው፤ ሠላሳ ሁለተኛዋ ግን ለማናቸውም ጥንቃቄ ሲባል በፋይሉ ውስጥ እንድትቆይ። የካቲት 21 ቀን 1970 ዓ.ም.