«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ»

ትናንት ከሰዓት ሰዓዳን ደሴ መናኸሪያ ወስጄ የኮምቦልቻ ሚኒባስ ላይ አሳፈርኳት። ትምህርቷን ትታ አባቷ ቤት መግባቷ ነው። ዶርም ስመለስ የጠበቀኝ ባዶ ፍራሿ ነው...

ሰዓዳ ከሐርቡ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣች የዶርም ጓደኛዬ ናት። አምና ሳቋ ኮሪደሩን የሚሞላ ልጅ ነበረች። ዘንድሮ መጀመሪያ ክላስ ቀረች፣ ቀጥሎ ካፌ መውረድ ተወች፣ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ መተኛት ሆነ ሥራዋ። እሷን እያሰብኩ እኔም እንቅልፍ አጣሁ። አንድ ቀን ምሳ ይዤላት ስገባ ዞር እንኳን ሳትል «ነገ ባይነጋ ደስ ይለኝ ነበር» አለችኝ።

ደነገጥኩ። የግቢው የምክር አገልግሎት ቢሮ ሄድኩ፣ ዝግ ነው። በማግስቱም ዝግ። አማካሪው ክላስም ያስተምራል፣ ስብሰባም አለበት፣ የሚያገኘው ሰው ዕድለኛ ነው። ደጅ ስጠና ከርሜ አንድ ቀን ተገኘ። ሰዓዳን «አፈር ስሆን ተነሽ» ብዬ ለምኜ፣ ሻርፗን እኔው አስሬላት፣ ደግፌ ወሰድኳት።

ሰውየው ደግ ነው፣ አልዋሽም። ወንበር ስቦ አስቀመጠንና ረጋ ብሎ «እንዴት ነሽ?» አላት።

እህል ከቀመሰች ሁለት ቀን የሆናት ልጅ ቀና ብላ፣ ፈገግ ብላ... «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።»

እንቅልፍስ? አልሐምዱሊላህ። ምግብስ? አልሐምዱሊላህ። በጠረጴዛው ሥር እግሯን ብረግጣትም ወይ ፍንክች። እኔ ልናገር ስል ደግሞ እሷ ራሷ ትንገረኝ ብሎ ከለከለኝ። በመጨረሻ ሰዓቱን አየና ጓደኛሽ ጠንካራ ናት፣ ዝም ብለሽ ነው የተጨነቅሽው ብሎኝ ወደ ክላሱ ሄደ።

ደረጃው ላይ ተናደድኩባት። ያን ሁሉ ደጅ ጠንቼ... ለምን አልነገርሽውም አልኳት።

«ምን ልበለው? አላህን ለባዳ ልክሰስ?» አለችኝ።

እኛ ሰፈር «እንዴት ነሽ» ሲባል መልሱ አንድ ነው። የታመመም፣ ከቀብር የተመለሰም ያንኑ ይላል። ሌላ መልስ ማን አስተማረን?

ለባዳ ካልሆነ ለዘመድ ይሆናል ብዬ አባቷ ጋ ደወልኩ። በማግስቱ ፓፓያ በፌስታል ይዘው መጡ። ጥበቃው አላስገባ ስላላቸው በር ላይ ቆመን ተገናኘን። እጇን ሲይዙ መክሳቷን አይተዋል፣ ወላሂ አይተዋል። ቶሎ አልለቀቋትም።

«ደህና ነሽ ልጄ?»

«አልሐምዱሊላህ አባባ።»

ከዚህ መልስ በኋላ ምን ይጠየቃል? እሳቸውም አልሐምዱሊላህ አሉ፣ «አብሽሪ» ብለው ዱዓ አደረጉላት፣ ፓፓያውን ለእኔ ሰጥተው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ፓፓያውን የበላው የለም፣ ሎከር ላይ እንዳለ ተበላሸ። ፈተናም መጣ፣ ሰዓዳ አልተፈተነችም። ልሂድ ስትለኝ ቅሪ የምልበት አቅም አልነበረኝም።

ትናንት ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል በመስኮት እጄን ያዘችኝ።

«ሌሊት ስትገላበጪ እሰማሻለሁ እኮ። አንቺስ ደህና ነሽ?»

እዚህ ግቢ ከገባሁ ጀምሮ ይህን ከልቡ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ክላስ መግባት ማቆሜን፣ ምግብ አፌ ውስጥ እንደሚዞር፣ እሷ ስትሄድ ከማን ጋር እንደምቀር መፍራቴን... ሁሉንም ልነግራት አሰብኩ።

«አልሐምዱሊላህ» አልኳት። ሚኒባሱ ሄደ።

ዛሬ የምክር ቢሮው ክፍት ነው አሉ... ብገባ የምመልሰውን ግን ታውቁታላችሁ።