ሁለት ክፍል፣ አንድ ጉሮሮ

ቲቸር ደወልን የሚያውቅ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያወራው ስለ ድምጿ ነው። የትምህርት ቤታችን ደወል የተሰነጠቀ ብረት ስለነበር ሲመቱት እንደ ድስት ክዳን «ቃጭ» ብሎ ዝም ይላል። እሷ ግን በረንዳው ላይ ቆማ «ግቡ!» ካለች ሽንት ቤት ያለው ሳይቀር ሱሪውን እያስተካከለ ይሮጣል። ደወል ያልናት ለዚህ ነው። ስሙን ታውቀዋለች። «ከተሰነጠቀው እሻላለሁ» ትል ነበር።

ያኔ ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው። አንቱ ስንላት ትቆጣለች፤ «አንቱ ስትሉኝ ወገቤን ያመኛል» ስላለችን አንቺ አልናት። ሰፈራችን አንድ ስለሆነ ቤቷንም አውቀዋለሁ። ከእናቷ ጋር ነበር የምትኖረው። እናቷ ደግሞ ጆሯቸው ደክሟል። ቀን ሙሉ ስትጮህ ውላ ማታ በር ላይ «እማዬ፣ እራት በላሽ ወይ?» ስትል እኛ ቤት ድረስ ይሰማል። አንድ ቀን እናቴ ከጓዳ ሆና «በልተዋል!» ብላ መለሰችላት።

የሰባተኛ ክፍል ሳይንስ መምህር ነበረች። ሰባተኛ ሀ ዘጠና ስድስት ልጅ፣ ሰባተኛ ለ ዘጠና አንድ። ድሮ የሰባተኛ ለ መምህር ሌላ ሰው ነበር። ሰውዬው ሲሚንቶ ንግድ ገባና በዚያው ቀረ። በምትኩ ሰው ይመጣል ተባለ። ርዕሰ መምህራችን ምንም ነገር ብትነግረው «ይስተካከላል» ስለሚል ጋሽ ይስተካከላል ነበር የምንለው። ጣሪያው ያፈሳል ስትለው «ይስተካከላል»፣ አባቴ ሞተ ብትለውም «ይስተካከላል»። ይሄም ይስተካከላል ተብሎ ሁለት ዓመት ሞላው።

ሁለቱ ክፍሎች ጎን ለጎን ናቸው። መሀላቸው ያለው ግድግዳ ስስ የእንጨት ኮምፖርሳቶ ነው፤ በርና በራቸውም ይነካካል። እሷ በሁለቱ በሮች መሀል፣ በረንዳው ላይ ትቆማለች። በግራ ትከሻዋ ሀን፣ በቀኝ ትከሻዋ ለን ይዛ ታስተምራለች። ቅጠል መሳል ካለባት ሀ ገብታ ትስላለች፣ እየሮጠች ለ ገብታ ያንኑ ትስላለች፣ ተመልሳ ስትመጣ የሀ ልጆች ቅጠሉ ላይ ጢም ጨምረውበታል።

«ቅጠል ምንድነው?» ትላለች። «የዛፉ ወጥ ቤት ነው! እሳቱ ማነው? ፀሐይ! ገባ ወይስ አልገባም?»

«ገባ!» እንላለን፣ መቶ ሰማንያ ሰባታችንም።

«ውሸታሞች!»

እውነቷን ነው፤ ውሸታሞች ነበርን። ደብተር የምታርመው በረድፍ ነው፤ ሰኞ የመስኮት በኩል፣ ማክሰኞ የመሀል፣ እንደዚያ እያለች። እኔ የመጨረሻው ረድፍ ላይ፣ አራተኛ ሆኜ ለሦስት በተሠራ ወንበር ጫፍ በግማሽ ቂጤ ነበር የምቀመጠው። በአንድ ሴሚስተር ደብተሬ ላይ ቀይ እስክሪብቶ ያየሁት ሁለቴ ነው። አንዱም እስክሪብቶው ሲፈተሽ የተጫረ ነው።

አንድ ቀን ሀ ውስጥ ቆይታ ሳለ የእኔን ክፍል፣ ለን፣ ማሳቅ አማረኝና ሰሌዳው ጋ ወጣሁ። ወገቤን ያዝኩ፣ አገጬን ወደ ላይ አደረግኩ። «ቅጠል ምንድነው?» አልኩ፣ በእሷ ድምፅ። ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል ብዬ ስጠብቅ ሁሉም ደብተሩን አውጥቶ መጻፍ ጀመረ። እሷ የመጣች መስሏቸው ደንግጠው እኮ ነው! ዞር ስል ግን እውነትም በሩ ላይ ቆማለች። ጆሮዬን ለቁንጥጫ አዘጋጀሁ።

«ክሎሮፊል ስትል ምላስህ ይታጠፋል» አለችኝ። «አስተካክለው። ከነገ ጀምሮ እኔ ሀ ስገባ ለን አንተ ትይዛለህ፤ ያልኩትን በግድግዳው እየሰማህ ትደግማለህ።»

ሥራ አገኘሁ ማለት ነው። በኮምፖርሳቶው በኩል የሰማሁትን፣ ሳሏ ሳይቀር፣ ለክፍሌ አስተላልፍ ነበር። ልጆቹ ምክትል ደወል አሉኝ።

ጉዴን ያወቀችብኝም በዚሁ ነው። አንድ ቀን መጽሐፍ ሰጥታ «ከዚህ አንብብላቸው» አለችኝ። ባለፈው የሰማሁትን ገጽ በቃሌ ወጣሁት፤ አንድ ቃል አልሳትኩም። መጥታ መጽሐፉን አየችው። ሌላ ገጽ ነው። ቅጠል ያልኩት ቦታ ላይ የተሳለው የሰው ኩላሊት ነው።

«ስንተኛ ክፍል ነህ?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«ሰባተኛ።»

«ማንበብ ሳትችል?»

«ትንሽ ትንሽ እችላለሁ፣ ቲቸር። ፊደሉ ነጠላ ሲሆን እለየዋለሁ። ሰብሰብ ሲል ነው የሚጨንቀኝ።»

ሳቀች። መልሳ ደግሞ ፊቷ ጠቆረ። «ሰብሰብ ሲል እኔንም ይጨንቀኛል» አለች። «አንድ መምህር ብቻ ይጨመርልኝ፣ ከሰዓት በኋላ ነፃ እሆናለሁ። አንተን አስነብብሃለሁ። ቃሌ ነው።»

ከዚያ ጉሮሮዋን መያዝ ጀመረች። ሐኪም ዘንድ ሄደች። የድምፅሽ ጅማት አብጧል፣ ስድስት ወር ዝም ካላልሽ ድምፁ ጭራሽ ይሄዳል አላት። «ዶክተር፣ ዝም በሉ የሚባሉት ልጆቹ ናቸው። መጥተህ ንገርልኝ» አለችው አሉ። ግን ፈርታለች። የሐኪሙን ወረቀት አያይዛ ማመልከቻ ጻፈች፤ አንድ መምህር ይጨመርልኝ፣ ካልሆነ ድምፄን ላጣ ነው። ትምህርት ቢሮው ደብዳቤውን ተቀብሎ ሱፐርቫይዘር መጥቶ መምህራኑን በአካል ይቆጥራል አለ።

በዋዜማው እኛ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች። በሹክሹክታ ነበር የምታወራው፤ እሷ ስታንሾካሹክ ያየሁት ያኔ ነው።

«ነገ ሀ ውስጥ ነው የማስተምረው። እናንተ ያለ መምህር ትቀመጣላችሁ። ብትፈልጉ ጩኹ፣ ብትፈልጉ ጠረጴዛ ላይ ውጡ። ሰውዬው በሩን ከፍቶ ዘጠና አንድ ልጅ ያለ ሰው ይይ። አንተ ደግሞ» አለች፣ ጣቷን ወደ እኔ ዘርግታ፣ «ነገ አፍህን ዘግተህ ትውላለህ። ሰማህ?»

«ሰምቻለሁ።»

«ማልልኝ።»

«እናቴ ትሙት።»

በማግስቱ ክፍላችን ገበያ ሆነ። አንዱ ጫማ ይወረውራል፣ ሌላው ወንበር ላይ ቆሞ ይዘፍናል። ጋሽ ይስተካከላል በሩን በርግዶ ገባ። ከረባት አስሯል፤ ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል።

«ምንድነው ይሄ? ሰውዬው እኮ አምስተኛ ክፍል ደርሷል!»

«ቲቸር ናት እንዲህ ሁኑ ያለችን» አለ አንዱ ደደብ።

«እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጠረጋል እንጂ ቆሻሻ ይዘረገፋል እንዴ?» አለና ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። «አንተ! ና ውጣ። አድርጋት።»

«ማንን?»

«እሷን ነዋ! በድምጿ እንደምታስተምረው አድርግ።»

«ምዬላታለሁ፣ ጋሼ።»

ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ መጣ። አፉ ከረሜላ ከረሜላ ይሸታል። «ስማኝ ልጄ። ሰውዬው ክፍል ባዶ ካገኘ የሚጽፈው መምህር ጠፋ ብሎ ነው። ጠፋ የሚባለው ማን ይመስልሃል? ክፍሉ በእሷ ስም ነው ያለው። ሥራዋን ጥላ ሄደች ተብላ ትባረራለች። ላድናት ብዬ ነው። አንተ አትወዳትም?»

እወዳታለሁ። ችግሩም ይሄው ነው። ደግሞ እውነቱን ካወራን፣ ዘጠና አንድ ሰው ዓይኑን አፍጥጦ ሲጠብቅህ፣ ምላስህ ደግሞ ሲበላህ፣ መሐላ ብዙ አይከብድም።

ጋሽ ይስተካከላል ወጥቶ በሩን ዘጋ። ወገቤን ያዝኩ። አገጬን ወደ ላይ አደረግኩ።

«ቅጠል ምንድነው?» አልኩ። «የዛፉ ወጥ ቤት ነው! እሳቱ ማነው?»

«ፀሐይ!» አለ ክፍሉ። ሳቃቸውን ለማፈን ግማሾቹ የሹራባቸውን እጅጌ ነክሰዋል። ከውጭ ለሚሰማ ግን ጸጥታ ነው፤ እንዲያ ያለ ጸጥታ እኛ ክፍል ታይቶ አያውቅም።

የሱፐርቫይዘሩ ጫማ በረንዳው ላይ ቋ፣ ቋ እያለ መጥቶ ሀ ጋ ቆመ። እዚያ እሷ ታስተምራለች። ከዚያ እኛ ጋ መጣ። እኔ አስተምራለሁ። ምናለ በሩን ቢከፍተው! እጁን ሲያሳርፍበት እጀታው ሲንቀሳቀስ ከውስጥ አይቼዋለሁ።

«እዚህስ ማን ናት?» አለ።

«ሌላዋ መምህርት» አለ ጋሽ ይስተካከላል።

«ድምፃቸው እንዴት ይመሳሰላል!»

«እህትማማቾች ናቸው።»

«አይ መታደል! እንዲህ የሚሠሩ ሰዎች አይረበሹም» አለና እጀታውን ለቀቀው።

«ገባ ወይስ አልገባም?» አልኩ እኔ።

«ገባ!»

«ውሸታሞች!»

ሰውዬው ከውጭ ሳቀ። እስክሪብቶው ወረቀት ላይ ሲሄድ ሰማሁት። ያኔ ነው በኮምፖርሳቶው ማዶ የእሷ ድምፅ ቀጥ ያለው። ዓረፍተ ነገሩ መሀል ላይ ቆመ። የራሷን ድምፅ በግድግዳው በኩል እየሰማች ነበር።

ሰውዬው ከሄደ በኋላ መጣች። በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። ብትመታኝ ጥሩ ነበር።

«ክሎሮፊልን አስተካክለኸዋል» አለችኝ። ወደ ሀ ተመለሰች።

ደብዳቤው ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ። ጋሽ ይስተካከላል ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጠፈው። በአካል በተደረገ ቆጠራ እያንዳንዱ ክፍል መምህር እንዳለው ተረጋግጧል ይላል። ከዚያ ደግሞ ቢሮው የቆጠራውን ወረቀት ከስም ዝርዝሩ ጋር አስተያየውና አንድ ትርፍ ሰው አገኘ። ያ ትርፍ ሰው እኔ ነበርኩ። እኔን ማዛወር ስለማይቻል የሂሳብ መምህራችንን ወደ ሌላ ትምህርት ቤት አዛወሩት። የእሱን ሂሳብ ማን ይያዘው ሲባል እሷ ትያዘው ተባለ።

ከሴሚስተር ፈተና በፊት ነው፤ ጠዋት በረንዳው ላይ ቆማ አፏን ከፈተች። «ግቡ» ልትል እንደሆነ ከከንፈሯ ያስታውቃል። የወጣው አየር ብቻ ነው፣ ጎማ ሲተነፍስ እንደሚሰማው። ማንም አልሮጠም። ከመሀላችን አንዱ «ደወሉ ተሰነጠቀ!» ሲል ሜዳው በሳቅ አውካካ። ማን ነው ያለው ብላችሁ ባትጠይቁኝ ደስ ይለኛል።

ዕቃ ግምጃ ቤት አስገቧት። ጠመኔና መጥረጊያ ትሰጣለች። የርዕሰ መምህሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ ያለው ሰንጠረዥ ላይ ግን አሁንም መምህር ናት፤ ተማሪ ለመምህር ስንት ለስንት የሚለው ቁጥር እንዳይበላሽ ስሟ አልተነሳም። ጋሽ ይስተካከላል ደግሞ ጠርቶኝ «ድምፁ አንተ ጋ አለ አይደል? እስኪስተካከል ቀጥል» አለኝ።

ቀጠልኩ። ሁለት ሳምንት ቅጠሉን፣ ሥሩን፣ ግንዱን፣ ከእሷ የሰማሁትን ሁሉ ደገምኩት። አንድ ቀን አበባው ላይ ደረስኩ። አበባን አላስተማረችንም ነበር። መጽሐፉን ገለጥኩ። ፊደሎቹ ተሰብስበው አፈጠጡብኝ። «አበባ ምንድነው?» አልኩ በእሷ ድምፅ። ክፍሉ መልሱን ከእኔ ይጠብቃል። መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ፤ ተመልሼም አልገባሁም።

አሁን የታክሲ ረዳት ነኝ። ማንበብ የለመድኩት ከታፔላና ከመኪና መስታወት ላይ ጥቅስ ነው፤ ቀስ እያልኩ ይሁን እንጂ አያቅተኝም። እናቷን አንዳንዴ በራቸው ላይ አያቸዋለሁ። «ልጄ ምን አድርጌያት ነው?» ይሉኛል። «ካኮረፈችኝ ሁለት ዓመቷ። አፏን ታንቀሳቅሳለች፣ ቃል አትወጣትም።» ስነግራቸው አይሰሙኝም። እሷ ደግሞ መጮህ አትችልም።

ባለፈው ሳምንት እኛ መኪና ላይ ተሳፈረች። ከኋላ ወንበር፣ አራተኛ ሆና ጫፍ ላይ። እንዳላየኋት ሆንኩ፤ እሷም እንደዚያው። መውረጃዋ ሲደርስ በቁልፏ ብረቱን ቀጭ ቀጭ አደረገች። ሾፌሩ ሙዚቃውን ለቆታል። አልሰማም። ደግማ መታች። ሰዉ ስልኩን ያያል። ቤቷ በመስኮቱ አለፈ።

«ወራጅ አለ!» አልኩ።

በእኔ ድምፅ ልል ነበር፤ የወጣው የእሷ ነው። መኪናው ጎማው ሲጥ እስኪል ቆመ። ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ኋላ ዞሮ እሷን አየ።

ሰው እየታከከች ወረደች። ሂሳቡን እጄ ላይ አስቀመጠች። የሁለት ሰው ነው።

«ቲቸር፣ ያንቺ የአንድ ሰው ነው እኮ።»

ሁለት ጣቷን ከፍ አድርጋ አሳየችኝ። አንዱን ጣት ወደ ራሷ ደረት፣ ሌላውን ወደ እኔ አፍ። ከዚያ የመጣንበትን መንገድ ወደ ኋላ በእግሯ ተያያዘችው።

«ምን ይገትርሃል?» አለ ሾፌሩ። «ስንት ሰው ወረደ?»

«አንድ።»

«እና ምን ትጠብቃለህ? ሁለት ጫንበት!»