ከቺፑዱ ማዶ የነበረው ፊልም

ባለፈው ሳምንት ሳሊተ ምሕረት አካባቢ ለቅሶ ደርሼ ነበር። ሟቹ ጌትነት ነው፤ በወጣትነቴ አብሮኝ ሒሳብ ያስተማረ ባልደረባዬ። ዝናቡ ድንኳኑን እየደበደበ፣ ንፍሮዬን እየቆረጠምኩ ሰዉን አየሁት። መቀመጫ አልበቃ ብሎ ወንዶቹ ደጅ ጃንጥላ ይዘው ቆመዋል። አብዛኞቹ የድሮ ተማሪዎቹ ናቸው፤ እነሱም ሸብተዋል። ሰው በሟች ይቀናል? እኔ ቀናሁ።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ ቦሌ ከኤርፖርቱ ጀርባ በነበረ አንድ ትምህርት ቤት ሁለታችንም ዘጠነኛ ክፍልን እናስተምር ነበር። እሱ ኤ ሴክሽንን፣ እኔ ቢን። ክፍሎቹ አንድ ሰፊ አዳራሽ በስስ የቺፑድ ግድግዳ ተከፍሎ የተሠሩ ስለነበሩ ወዲያ ላስነጠሰ ወዲህ ይማርህ ይባላል። አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ሁለታችንም ጠመኔያችንን ይዘን ዝም እንላለን። እኩል የምንሆነው ያኔ ብቻ ነበር።

የጌትነት የእህቱ ባል መገናኛ አካባቢ ቪዲዮ ቤት ነበረው። ጌትነት በሳምንት አንድ ቀን ጠዋት፣ ቪዲዮ ቤቱ ሥራ ሳይጀምር፣ ቴሌቪዥኑንና ዴኩን በጋቢ ጠቅልሎ በውይይት ታክሲ ጭኖ ይመጣል። የህንድ ፊልም ይከፍታል። አክተሩ፣ ማለትም ዋናው ጀግና፣ ከጣሪያ ወደ ጣሪያ ሲዘል ሰውየው አየር ላይ እንዳለ ካሴቱን ያቆመዋል።

«ይደርሳል አይደርስም?»

ክፍሉ በጩኸት ይናጋል። ከዚያ የዝላዩን መስመር ሰሌዳ ላይ ይስላል፤ ልጆቹ የጣሪያዎቹን ርቀት ይገምታሉ፤ ኳድራቲክ ኢኩዌሽኑን ይሠራሉ። ብዙ ጊዜ መልሱ አይደርስም ነው። ካሴቱ ሲለቀቅ ግን ሰውየው ማዶ አርፎ፣ አቧራውን አራግፎ ይዘፍናል። ያኔ ልጆቹ በአንድ ድምፅ «አክተር አይሞትም!» ብለው ይጮኻሉ። በዚያ ዘመን ቪዲዮ ቤት ደጃፍ የረገጠ ሁሉ ይህችን ሕግ ያውቃታል።

እኔ በወዲህኛው በኩል ያንኑ ኢኩዌሽን በጠመኔ እጽፋለሁ። የልጆቼ ፊት ወደ እኔ ነው፣ ጆሯቸው ወደ ቺፑዱ። አንጀቴ ያርር ነበር። በእረፍት ሰዓት በሩ ላይ የሽምብራ እሸት ገዝተን አብረን ስንፈለፍል እንኳ የእሱ እሸት ከኔ ይልቅ ፍሬው የሞላ ይመስለኛል።

«ቴሌቪዥኑን አንቺም ውሰጂው እንጂ፣ በተራ እንጠቀምበት» አለኝ አንድ ቀን።

«እኔ ቪዲዮ ቤት አልከፈትኩም።»

ሳቀ። በሳቁም ቀናሁ፤ የልቡን ይስቃላ።

ነገሩ የከረረው ዳይሬክተራችን ሁለታችንንም ቢሮ ጠርተው «በሴሚስተሩ ፈተና የማን ክፍል እንደሚበልጥ አይቼ ነው ለከርሞ አሥራ ሁለተኛን የምሰጠው» ያሉን ዕለት ነው። አሥራ ሁለተኛን ማስተማር ማለት ማትሪክ ማስፈተን ማለት ነበር፤ ለወጣት መምህር ከዚያ በላይ ክብር የለም። ፈተናውን አብረን አወጣን። የመጨረሻዋ ጥያቄ የእኔ ነበረች፤ አንድ ሰው ከጣሪያ ወደ ጣሪያ ይዘላል፣ ይደርሳል? ስሌቱ ቁልጭ አድርጎ አይደርስም ይላል። ጌትነት አነበባትና ፈገግ ብሎ አለፋት። የእሱ ልጆች ፊልሙን ከስሌቱ አስበልጠው ያምኑና ይሳሳታሉ ብዬ ነበር ተስፋዬ።

እንዳሰብኩት ሆነ። ያችን ጥያቄ የማርመው እኔ ነበርኩ። የኤ ልጆች ስሌቱን አሳምረው ሠርተው፣ አይደርስም የሚለውን ቁጥር በእጃቸው አውጥተው፣ ከሥሩ «ይደርሳል» ብለዋል። ቀዩን እስክሪብቶ ደስ እያለኝ አሠራሁት።

ከዚያ የራሴን ክፍል ወረቀት ጀመርኩ። ከላይ የነበረው የዘሃራ ነው። ዘሃራ አባቷ ከወሎ መጥተው ገርጂ ሱቅ የከፈቱ፣ የክፍሌ አንደኛ፣ ዝምተኛ ልጅ ነበረች። እኔ ሳስተምር ዓይኗ ከሰሌዳው አይነቀልም፤ ሌላው ሁሉ ቢከዳኝ እሷ አለችኝ እል ነበር። ስሌቷ እንከን የለውም። ከሥሩ በዚያች ጥንቅቅ ባለች ጽሕፈቷ «ይደርሳል፤ አክተር አይሞትም» ብላለች።

የሚቀጥለውን ወረቀት አነሳሁ። እሱም ይደርሳል። ቀጣዩም። ለካ ልጆቼ ሁሉ ሲማሩ የኖሩት ከቺፑዱ ማዶ ኖሯል። ያችን ጥያቄ ሁለቱም ክፍል ሳታት፤ በቀረው የእሱ ልጆች በለጡና አሥራ ሁለተኛን ጌትነት ወሰደ። እንኳን ደስ ያለህ ያልኩት በጥርሴ ብቻ ነው።

ድንኳኑ ውስጥ ጥቁር ሻርፕ ያደረገች ሴት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ቲቸር፣ አወቁኝ?»

በዓይኗ አወቅኋት። «ዘሃራ! አንቺማ የእኔ ተማሪ ነበርሽ» አልኳት። ድምፄ ከፍ ማለቱ ለራሴም ገረመኝ፤ ሰው እንዲሰማልኝ ፈልጌ ይሆናል። እሷ ግን ፊት ለፊት የተቀመጠውን የጌትነትን ፎቶ ነበር የምታየው።

«አክተር አይሞትም ስንል እውነት መስሎን ነበር እኮ፣ ቲቸር።»

«ስሌቱንማ በትክክል ሠርተሽው ነበር» አልኳት።

የእኔ ቀን ሲደርስ እንዲህ ያለ ድንኳን ማን ይሞላልኛል እያልኩ ሳስብ፣ ዘሃራ ትከሻዬ ላይ ተደፍታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። የእኔ ተማሪ፣ ለእሱ።